ጋሼ ይመጣል፣ አይመጣም

ዛሬ ምንም መሥራት አላሰኘኝም። ደብረ ማርቆስ ከጠዋት ጀምሮ ያካፋል። መብራትም የለ። ጋቢ ደርቤ ኩርምት ብዬ ሳለ ጋሼ ከቨርጂኒያ ደወለ።

«እታለም፣ ጠቅልዬ ልግባ እንዴ?»

ጡረታ ከወጣ ወዲህ ይህችን ሳይጠይቅ ስልክ አይዘጋም። መልሱን የሚፈልገው አይመስለኝም፤ ጥያቄዋን ነው የሚወዳት።

ወረቀቱ አይቸግረውም። ዜግነቱን ቀይሯል፤ አገራችን ደግሞ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም። ግን ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ቢጫ ካርድ አለ። ያለ ቪዛ ገብቶ ይኖርበታል፤ መምረጥና መመረጥ ነው የሚቀርበት። (እኔስ መርጬ ምን አተረፍኩ?) የጡረታ ገንዘቡም ይከተለዋል። የማይከተለው ሕክምናው ነው። ሜዲኬር የሚሉት መድን ከአሜሪካ ውጭ ለታከመ ሰው፣ ከጥቂት ሁኔታ በቀር፣ አይከፍልም። ስኳርና ግፊት ያለበት ሰው ይህን ሳያስብ ሻንጣ አያነሳም። መንገዱስ? ከአዲስ አበባ እኛ ዘንድ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድሮ ጎሐ ጽዮን ቁርስ በልተን፣ ዓባይን ወርደን ወጥተን፣ ደጀን ላይ ቡና ጠጥተን ከች ነበር። በክልላችን በአማራ ውጊያ ከተነሳበት ከሐምሌ 2015 ወዲህ ግን «ዛሬ መንገድ ክፍት ነው?» ሳይል ማን ይነሳል?

እሱ ዛሬ ያሳሰበው ሌላ ነው። «ሽንት ቤቱ አሁንም ቁጢጥ የሚባልበት ነው?» አለኝ። ጉልበቱ አልታጠፍ ብሎታል።

ስልኩን ዘግቼ በካፊያው ወደ ጓሮ ወጣሁ። ወደ ሽንት ቤቱ ከሚያስኬዱት ድንጋዮች አንዱ ይነቃነቃል። እኔ በጨለማም እዘለዋለሁ፤ ጋሼ አያውቀውም። ገብቼ በስንዝር መለካት ጀመርኩ። መቀመጫው እዚህ፣ የውሃው በርሜል እዚያ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ የሚይዘው ብረት። ቁጢጥ ብዬ ለክቼ ስነሳ እጄ በሩን ጨብጧል። ለካ እኔም በሩን ይዤ ነው የምነሳው! ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እንጃ። ጋሼ የሚበልጠኝ በሁለት ዓመት ነው። ለራሴ ግን መቀመጫ ያለው ሽንት ቤት አስቤ አላውቅም። አሜሪካ ያረጀ ጉልበት ብቻ ነው እንዴ የሚያምመው?

ነገ ግንበኛ ጠርቼ ዋጋውን አስነግራለሁ። ለመምጫው ነው ከተባለ ጋሼ አይሰስትም፣ ይልካል። ባይመጣስ? ቢመጣም ቢቀርም ይሠራልኝ ብለው ምን ይለኝ ይሆን? ወይስ ቁርጡን ሳይነግረኝ ቶሎ ላሠራው?