300 ፈረስ ጣና ላይ

ሰሞኑን ጄት ስኪ ነዳሁ፤ ውሃ ላይ እንደ ሞተር ሳይክል ተቀምጠው የሚነዱት ማሽን ነው። ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ስንት ይሄዳል?» እሱን መጀመሪያ ልመልስና እንገላገል። ስክሪኑ ላይ ያየሁት ትልቁ ቁጥር 97 ነው። በሰዓት 97 ኪሎ ሜትር፣ ያውም ውሃ ላይ። ባሕር ጠረፍ ቢሆን ኖሮ ከ105 በላይ ይሄድ ነበር። እዚህ ለምን እንዳነሰ ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ። እኔ ግን ከዚህ ማሽን የወደድኩት ፍጥነቱን ሳይሆን ፍሬኑን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐይቁ ዳር ሎጅ ያለው አንድ ወዳጃችን ጄት ስኪ አስገባ። ስሙን አልጠቅስም፤ ዋጋውን ለሚስቱ ገና አልነገራትም። ማሽኑ ሲ-ዱ አርኤክስፒ-ኤክስ 300 ይባላል፤ 300ው የፈረስ ጉልበቱ ነው። የካናዳው ኩባንያ የቢአርፒ ሥራ ነው። በጅቡቲ በኩል መጥቶ ከአዲስ አበባ ቴክኒሻን ተጠራለት። አዲስ ሞተር መጀመሪያ ላይ ሙሉ ጋዝ ስለማይሰጠው ቴክኒሻኑ ቀስ እያለ አለማመደው። ከዚያ ሰውየው ደወለልኝ። «ውሃውን የምታውቂው አንቺ ነሽ። እስቲ ንጂውና ለእንግዳ ይሆናል፣ አይሆንም በይኝ» አለኝ። ሁለተኛ እስኪለምነኝ አልጠበቅኩም።

ለማታውቁኝ፣ አባቴ ጀልባ ነጂ ነበር። እኔና ወንድሜ ደግሞ እንግዳ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ እናመላልሳለን። የጀልባችን ሞተር 40 ፈረስ ናት። ዘጌ ለመድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጅባታል። መንገድ ላይ ወሬ ይወራል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ኮፍያ የረሳ እንግዳ ፀሐይ ይለበልበዋል። ከ40 ተነስቶ 300 ላይ መውጣት ምን እንደሚመስል ገምቱት።

ጠዋት ስደርስ ማሽኑ ተጎታቹ ላይ ተቀምጧል። ቢጫ ነው፤ ዓይን ይወጋል። የሎጁ ሠራተኞች በሙሉ ሥራ ፈትተው ከበውታል። ቴክኒሻኑ መቀመጫውን አንስቶ ሞተሩን አሳየኝ። ባለሦስት ሲሊንደር፣ 1,630 ሲሲ። በሲሲ ብቻ ካያችሁት የአንድ ኮሮላ ሞተር ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው ሱፐርቻርጀሩ ነው፤ አየር እየጨመቀ ወደ ሲሊንደር ይልካል። ማሽኑ ራሱ 350 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። መቀመጫው ግን የአንድ ሰው ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አንድ ነገር ገና ሳልነዳው ደስ አለኝ። የእኛ ሞተር የምትቀዘቅዘው በሐይቁ ውሃ ነው። ክረምት ሲወጣ ጉማራና ርብ አፈሩን ሁሉ ይዘው ስለሚገቡ ውሃው ይደፈርሳል፤ የውሃ መስመሯን በየጊዜው ማጽዳት የእኔ ዕጣ ነው። የዚህኛው ሞተር ግን እንደ መኪና የራሱ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ አለው። ዝግ ሆኖ ውስጡ ይዞራል። ለጣና ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ፕሮፔለር ውጭ የለውም። ከሆዱ ሥር በፍርግርግ በኩል ውሃ ይስባል፣ ውስጥ ያለው ኢምፔለር የሚባል ተሽከርካሪ ይገፋውና በኋላ በኩል በጠባብ አፍ ይተፋዋል። መሪው የሚያዞረው ያንን አፍ ነው። እዚህ ላይ ነው ጣጣው። ጋዝ ከለቀቃችሁ የሚወጣ ውሃ የለም። የሚወጣ ውሃ ከሌለ መሪ የለም። መኪና የለመደ ሰው ሲደነግጥ መጀመሪያ የሚያደርገው ምንድን ነው? ጋዝ መልቀቅ። ከዚያ መሪውን እስከ ጥጉ ቢጠመዝዘው ማሽኑ ቀጥ ብሎ ወደፈራው ነገር ይሄዳል። ኩባንያው ለዚህ የሚያግዝ ኤሌክትሮኒክ ዘዴ ጨምሮበታል። ቢሆንም እኔ ማንንም ጀማሪ ይህን ሳላስረዳ አላስቀምጥበትም።

ላይፍ ጃኬቴን አጥብቄ የማጥፊያውን ገመድ አንጠለጠልኩ። ከወደቃችሁ ገመዱ ተነቅሎ ሞተሩ ይጠፋል። ቴክኒሻኑ ከደንገሉ ጥግ ማስነሳት ከለከለኝ። ከሥሩ ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር ውሃ ያስፈልገዋል፤ አለዚያ ጭቃና ጠጠር ይምጣል። የእኛ ዳርቻ ደግሞ ረጋ ብሎ ነው የሚጠልቀው። ጠቅላላ ጣና ራሱ ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ተንጣልሎ ከሁሉ የጠለቀው ቦታው 15 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ወገባችን ድረስ ገብተን በእጅ ገፋነው። ሦስት መቶ ፈረስ በሰው ጉልበት ሲገፋ ወንድሜ ሳቁ አላባራ አለ።

ወንድሜ በጀልባችን ከኋላ እየተከተለኝ ወጣሁ። መጀመሪያ በቀስታ። ከዓባይ መውጫ ጉማሬ ስለማይጠፋ ወደዚያ አልዞርኩም፤ ፊቴን ወደ ክብራን ደሴት ሰጠሁ። ጠዋት ጣና ነፋስ ስለሌለው ውሃው ተኝቷል። ዳርቻውን በደንብ ከራቅኩ በኋላ ግራ ቀኙን አየሁ። ጀልባ የለም፣ ታንኳ የለም። ጋዙ በቀኝ ጣት የሚሳብ ምላስ ናት። ሳብኳት።

አፍንጫው ተነሳ፣ ወዲያው ተመለሰ፣ ከዚያ ሁሉም ነገር ወደ ኋላ ሄደ። ክንዴ ተወጠረ። ጉልበቴ ሳላዘው መቀመጫውን ቆለፈ። ለካ የመቀመጫው ጎን ጉልበት እንዲይዝ ተብሎ የተሠራ ነው። እንባዬ ወደ ጆሮዬ ይሄዳል። ስጮህ የራሴን ድምፅ አልሰማም። መጮሄን የነገረኝ ወንድሜ ነው።

አሁን ስለ 97ቱ። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። አየሩ ስስ ነው። መካኒኮች በልምድ በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ገደማ ጉልበት ይቀንሳል ይላሉ። የእኛዋ 40 ፈረስም በእውነቱ እዚህ 40 አይደለችም፤ በወረቀት ነው። ሱፐርቻርጀር ያለው ማሽን ይሻላል ብዬ ነበር። ይሻላል፤ ግን እሱም የሚጨምቀው ያንኑ ስስ አየር ነው። ሙሉ ጋዝ ላይ የሞተሩ ዙር በደቂቃ 8 ሺህን ማለፍ ሲገባው 7,600 ላይ ቆመ። ኢምፔለሩ የተሰላው ለባሕር ጠረፍ ጉልበት ነው። ከፍታ ላይ የሚነዱ ሰዎች ውሃ የሚገፋበት ማዕዘን ቀለል ያለ ኢምፔለር ይቀይሩለታል። ለሰውየው ነገርኩት። «ሌላ ወጪ?» አለና ዝም አለ።

ወደ ፍሬኑ ልምጣ። በግራ እጅ በኩል ሌላ ምላስ አለች። ስትስቧት ኋላ ላይ አንድ ክዳን ወርዶ የሚወጣውን ውሃ ወደ ፊት ይመልሰዋል። ቢአርፒ ይህን ፍሬን በ2009 ነው ያስተዋወቀው። ፍሬን ከሌለው እስከ 48 ሜትር ቀድሞ ያቆማል ይላል። በወረቀት ሳነበው ብዙም አልመሰለኝም ነበር።

ከክብራን ስመለስ ፀሐይዋ ፊት ለፊቴ ናት። ውሃው ያብረቀርቃል። ከፊቴ አንድ ጥቁር ሰረዝ አየሁ። ግንድ ነው እንዳትሉ፣ ይንቀሳቀሳል። ታንኳ ነው። የደንገል ታንኳ ከውሃው ሁለት ስንዝር ቢበልጥ ነው። ላዩ ላይ የተቀመጠ ሰው ባይኖር ከሩቅ ማንም አያየውም። በ90 ስትሄዱ በአንድ ሰከንድ 25 ሜትር ትበላላችሁ። ገና ሩቅ ሳለሁ ግራ እጄን ሳብኩ። አፍንጫው ወደ ታች ጎነበሰ፣ ደረቴ ድረስ ውሃ ተረጨብኝ፣ ማሽኑም ባለበት ቀጥ አለ። መንሸራተት የለ፣ መንሳፈፍ የለ። የእኛ ጀልባ እንዲህ ብትቆም ኖሮ አባቴ ፀጉሩ ቶሎ ባልሸበተ።

ግን ማቆም አንድ ነገር ነው። ማዕበላችሁ አይቆምም። የራሴ ማዕበል ከኋላ ደርሶ አነሳኝ፣ አልፎኝም ወደ ታንኳው ሄደ። ሽማግሌው ምንም አልተደናገጡም። መቅዘፊያቸውን አግድም ይዘው ታንኳቸውን ወደ ማዕበሉ አዞሩ። ወጡ፣ ወረዱ። ሲረጋላቸው አዩኝ።

«ምነው ልጄ፣ ዓሣውን ሁሉ አባረርሽው እኮ!» አሉ።

«ይቅርታ አባባ። አዲስ ነው፣ እየሞከርነው ነው።»

ጠጋ ብለው ከላይ እስከ ታች አዩት። ታንኳቸው ወለል ላይ ሁለት ቀረሶና አንድ ትልቅ አምባዛ አለ። አምባዛው ገና አፉን ይከፍታል። «ቤንዚን ስንት ይበላል?» አሉኝ።

ከሁሉም ሰው «ስንት ይሄዳል» ያላሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ታንኩ 70 ሊትር ነው አልኳቸው። ሙሉ ጋዝ ከተነዳ አንድ ሰዓት ገደማ ነው የሚያቆየው። «አንድ ሰዓት!» ብለው ሳቁ። ከዚያ «በይ እግዜር ይርዳሽ» ብለው ቀዘፉ። ምርቃት ይሁን ስላቅ አልገባኝም።

ቤንዚን ካነሳን፣ ኩባንያው ለዚህ ሞተር ኦክቴኑ ከፍ ያለውን ይመክራል። እኛ ማደያ ላይ የምናማርጠው ቤንዚን የለንም፤ የምናማርጠው ሰልፍ ነው። እሱን እናንተም ታውቁታላችሁ።

እምቦጩን ሳልነግራችሁ ባልፍ ውሸት ይሆንብኛል። ጣና ላይ መታየቱ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ዋናው መከራ በሰሜንና በምሥራቅ በኩል፣ በደንቢያና በፎገራ ዳር ነው። ነፋስ ግን ቁራጩን ይዞ እኛ ጋ ያመጣዋል። ወደ ሎጁ ስጠጋ ሞተሩ በድንገት ጮኸ። ዙሩ ይወጣል፣ ማሽኑ አይሄድም። ሥሩም ይንቀጠቀጣል። አጠፋሁና ገመዱን ነቅዬ ወረድኩ። እጄን ከሥሩ ስሰድ ፍርግርጉ ላይ ተጠምጥሞ አገኘሁት። አበባው ወይን ጠጅ ነው፣ ቆንጆ ነው። ሥሩ ግን ጥቁር፣ ላባ የመሰለ፣ ገመድ ሆኖ የተገመደ ነው። በጥፍሬ እየበጠስኩ አወጣሁት። ማሽኑ ጠፍቶም ቢሆን እጅ እዚያ መክተት ደስ አይልም። ይህን ለሎጁ ሠራተኞች በደንብ ማስተማር ያስፈልጋል። ሞተር ሳይጠፋ፣ ገመድ ሳይነቀል እጅ አይገባም። አለቀ።

ከሰዓት በኋላ ሌላ ሐይቅ ነው። ነፋሱ ይነሳል። ውሃው ጥልቅ ስላልሆነ ማዕበሉ አጭርና የተደራረበ ይሆናል። ጠዋት ሐር የነበረው ነገር በዘጠኝ ሰዓት ወገቤን አመሰው። 50 ማለፍ አልቻልኩም። ማሽኑ ይችላል፤ እኔ ነኝ ያልቻልኩት። የጣና ጀልባ ነጂ ሁሉ ጠዋት ውጣ የሚለው በምክንያት ነው።

አንድ ሌላ ነገር። ጠዋት ክብራን ገብርኤልን በሩቅ ነው የዞርኩት። ሴት ስለሆንኩ ድሮም ደሴቲቱ ላይ አልወርድም፤ እንግዶቼን አድርሼ ጀልባ ላይ እጠብቃለሁ። በዚህ ድምፅ ግን ወንዱም ባይጠጋ ይሻላል። መነኮሳቱ ጸሎት ላይ ሆነው ይሄ ነገር ቢያገሳባቸው ነገ ጠዋት ቅሬታው የሚመጣው እኛ ጀልባ ነጂዎች ላይ ነው።

ማታ ከሰውየው ጋር ቁጭ አልን። የጠበሰልኝን ዓሣ እየበላሁ እውነቱን ነገርኩት። ግሩም ማሽን ነው። ፍሬኑ ብቻውን ያስደስታል። ነገ ንጂ ቢሉኝ ዛሬ ማታ እዚያ አድራለሁ። ለእንግዳ ማከራየት ግን፣ አይሆንም። መቀመጫው የአንድ ሰው ስለሆነ የሚያሳየው ሰው አብሮ መቀመጥ አይችልም። ዋና የማይችል የሠርግ ሚዜ 300 ፈረስ ላይ ብቻውን አስቀምጠን ታንኳ በሞላበት ውሃ ላይ ልንለቀው ነው? ለኪራይ የሚሆነው የዚያው ኩባንያ ትንሹ፣ ስፓርክ የሚሉት ነው። 90 ፈረሱ ይበቃል። ክብደቱ የዚህን ግማሽ ገደማ ነው፣ ታንኩ 30 ሊትር ነው፣ ሁለት ሰውም ይይዛል።

«ታዲያ ይሄን ምን ላድርገው?» አለኝ።

«ለራስህ ያዘው፤ ጠዋት ጠዋት እኔ እየመጣሁ አሞቅልሃለሁ።»

ሳቅ አላለም። አሁን እየተከራከርን ያለነው ይህን ይሽጥና ስፓርክ ይግዛ ወይስ ሁለቱንም ይያዝ በሚለው ነው። ወንድሜ ሁለቱንም ይያዝ ባይ ነው፤ ገንዘቡ የእሱ አይደለማ። ያገለገለ ስፓርክ የሚሸጥ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ ፍሬን ያለው ከሆነ ደግሞ ማታም ቢሆን ደውሉ።