ባይደን ወይስ ሳንደርስ?

ዛሬ፣ ማርች 3 ቀን 2020፣ ቨርጂኒያ የዴሞክራቲክ ፓርቲን ዕጩ ፕሬዚዳንት ለመምረጥ ድምፅ ሰጠች። በዚያው ግዛት፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ቡና ልንጠጣ የተገናኘን ጓደኛሞች ግን ስንከራከር አመሸን። ባለታክሲው የጤና መድን ሂሳቡን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና «ይህን የሚያስቀርልኝ ሳንደርስ ብቻ ነው!» አለ። ነርሷ «መጀመሪያ ትራምፕ ይሸነፍ፤ ለዚያ ደግሞ ባይደን ነው የሚያዋጣው» ብላ አፉን አስያዘችው። (ሁለቱም ዕጩዎች ሰባ አምስትን አልፈዋል፤ እዚህ ላይ የተከራከረ የለም።)

ያሳቀኝም ያሳዘነኝም ሦስተኛው ነው። የሥራ ሰዓቱ ስለማይመቸው አስቀድሞ ለሌላው ዕጩ ለቡቲጄጅ ድምፁን ሰጥቶ ነበር፤ ቡቲጄጅ ግን እሑድ ማታ ከውድድሩ ወጣ። «ድምፄን መልሱልኝ!» ይላል። ማን ይመልስለታል?

እኔ ሌላዋን ዕጩ ዋረንን መርጫለሁ። ከድምፁ 15 በመቶ ካልደረሰች በፓርቲው ጉባኤ የሚመርጣት ተወካይ እንደማታገኝ እያወቅሁ፣ ግትር ነኝ።

ልክ ምሽት 1 ሰዓት፣ ጣቢያዎቹ እንደተዘጉ፣ ቴሌቪዥኑ ባይደን ማሸነፉን ተናገረ። ባለታክሲው ጃኬቱን አንሥቶ «ዛሬ የምትመርጠው የካሊፎርኒያ ድምፅ ገና አልተቆጠረም!» እያለ ወጣ።