በውዳሴ ማርያም የሚለካ መንገድ፦ ከጅማ ወደ አቦ በእግር

አያቴ በየዓመቱ ለመጋቢት አቦ ከጅማ ተነስታ ወደ ገጠር በእግሯ ትሄድ ነበር። ስለት ነበረባት። «ዝቋላ ሩቅ ነው፤ ያልቻለ በቅርብ ያለችውን አቦ ይሳለማል» ትለን ነበር። ስንቋ በሶና ዳቦ ቆሎ ነው። አንድ ቀን ተኩል ይፈጅባታል። እኔ ለአቅመ ጉዞ ስደርስ ግን ሁሉም በአስፋልቱ በመኪና ነበር የሚሄደው። አያቴ የረገጠችው የእግር መንገድ በየቦታው ታርሷል፣ ታጥሯል፣ ባሕር ዛፍ በቅሎበታል።

ያንን መንገድ ለመመለስ ሁለት ዓመት ሠራሁ። አጥቢያዋን በስም አልጠራም። የሰበካው አባቶች መኪና እንዳይበዛባቸው ለምነውኛል፤ ልክ ናቸው። በሰቃ ጨቆርሳ አቅጣጫ ነው ብል ይበቃል።

የጀመርኩት በቀለም ነው። በስፔን ወደ ቅዱስ ያዕቆብ መካነ መቃብር፣ ወደ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ የሚወስደው የእግር መንገድ ተረስቶ እንደነበር አንብቤ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 ኤልያስ ቫሊኛ የሚባሉ የኦ ሴብሬሮ ደብር ቄስ በመንገዱ ላይ ቢጫ ቀስት እየቀቡ ዞሩ። ዛሬ ተጓዡ ሁሉ ያንን ቀስት ተከትሎ ነው የሚሄደው። ታሪኩ ልቤን ነካው። በየካቲት 2015 ከሁለት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ጋር አንድ ቆርቆሮ ቢጫ ቀለም ይዘን ወጣን። ዋንዛው ላይ፣ ብሳናው ላይ፣ ድንጋዩ ላይ ቀስት ቀባን።

በሳምንቱ ተመልሰን ስናይ ግማሹ በገጀራ ተልጧል። በጣም ተናደድኩ። አንድ ሽማግሌ ናቸው ያስረዱኝ። «ልጄ፣ እዚህ አገር ዛፍ ላይ ቀለም ከተቀባ በኋላ የሚመጣው ዶዘር ነው» አሉኝ። ገበሬው መሬቱ ሊለካ፣ ሊወሰድ የመጣ መስሎት ነበር። እኔ ለተሳላሚ ምልክት አደረግሁ ስል፣ እነሱ ሌሊት እንቅልፍ አጥተው ነበር። ስፔን ውስጥ እንግዳ የሚጠራ ቀለም ጅማ ገጠር ውስጥ ሰው ያስፈራል። አንድ ቤት እንኳ ገብቼ ብጠይቅ ኖሮ ይህን አውቅ ነበር።

የመጀመሪያው ጉዞም አልተሳካም። መጋቢት 4 ቀን 2015 አርባ ሦስት ሆነን ወጣን። ባነር ይዘናል፣ ድምፅ ማጉያ ይዘናል። ፀሐይ ሲበረታ፣ መንገዱ አስፋልቱን የሚነካበት ቦታ ስንደርስ፣ ግማሹ ሰው ሚኒባስ አስቁሞ ተሳፈረ። የቀረነው ስልኬ ላይ ባለው ካርታ ሄድን። ካርታው ቀጥታ ነው የሚያሳየው። አንድ ማሳ ውስጥ ገብተን አዲስ የተተከለ የቡና ችግኝ ረገጥን። ባለቤቱ እየሮጠ መጣ። አልተሳደበም። ቁጭ ብሎ የተሰበረውን አንድ በአንድ ሲያቀና አየሁት። ያን ቀን ቤተ ክርስቲያኑ ደርሼ ተሳልሜም ልቤ አላረፈም።

ሐምሌ ላይ፣ የቡና መትከያ ወቅት ሲደርስ፣ ገንዘብ አዋጥተን ችግኝ ገዝተን ወሰድንለት። ዝም ብሎ ተቀበለን።

ነገሩ የተለወጠው እማሆይን ካገኘን በኋላ ነው። ሰማንያን የተጠጉ መነኩሲት ናቸው፤ በልጅነታቸው ከእናታቸው ጋር መንገዱን ተመላልሰውበታል። ከኅዳር እስከ ጥር 2016 ሦስት ጊዜ በበቅሎ ይዘናቸው ወጣን። «እስከ ወንዙ ስንት ኪሎ ሜትር ይሆናል?» ብዬ ስጠይቃቸው አይገባቸውም። እሳቸው የሚለኩት በጸሎት ነው። «ከዚህች ሾላ ውዳሴ ማርያም ከጀመርክ ወንዙ ጋ ስትደርስ ታልቃለች» ይሉኛል። ሞከርኩት። የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ቀስ ብዬ እየደገምኩ ሄድኩ፤ ስጨርስ የውሃው ድምፅ ተሰማኝ።

ሌላም ያስተዋልኩት ነገር አለ። እማሆይ በቅሎዋን የሚያስቆሙት መንገድ ሲጠፋባቸው አይደለም። የሰው ደጅ ሲደርሱ ነው። «እዚህ ቤት ውሃ ይሰጡን ነበር። ባለቤቲቱ አለች?» ይላሉ። ብዙዎቹ ሞተዋል፤ ልጆቻቸው ግን አሉ። አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው። ስለ እማሆይ እናት የሰሙ እንኳ አገኘን። የእማሆይ መንገድ ከቤት ወደ ቤት ነበር የሚሄደው። እኔ ዛፍና ድንጋይ ስቀባ ቤቶቹን ዘልዬ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዝግጅቱ ሌላ ሆነ። ለቀበሌውም ለሰበካውም ደብዳቤ አስገባን፤ ዋናው ሥራ ግን በየቤቱ ሄዶ ቡና እየጠጡ መነጋገር ነበር። በየት እንለፍ? ውሃ ከየት እንቅዳ? የት እንረፍ? ቁጥራችንን ሃያ አራት ላይ ወሰንን፤ ከዚያ በላይ ለአንድ ግቢ ሸክም ነው። ድምፅ ማጉያ ቀረ። የፕላስቲክ ውሃ ቀርቶ ጀሪካንና ኩባያ ያዝን። ለየቤቱ ስኳርና ሳሙና ቋጠርን። ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሳት ግድ ነው፤ ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ አዛውንት መራመድ አይችልም። አዲስ ጫማ ማንም እንዳያደርግ፤ ኮንጎ ያደረጉት እግራቸው ሳይላጥ ደርሰዋል። ለጥቅምት አቦ በእግር መሄድን ግን አልመክርም፤ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ገበሬውም ለቡና ለቀማ እየተሰናዳ ነው።

በ2016 ዐቢይ ጾምና ረመዳን የገቡት በአንድ ቀን ነበር፤ ሰኞ መጋቢት 2። እኛ ረቡዕ መጋቢት 4 ስንወጣ እኛም እነሱም ጾመኛ ነን። ለማደር የተስማማንበት ግቢ የአንድ ሐጂ ነው። አመሻሽ ላይ አቧራ ለብሰን ስንደርስ «ኮታ፣ ሴና» (ኑ፣ ግቡ) እያሉ ተቀበሉን። የመግሪብ አዛን ሲሰማ እነሱ በቴምርና በውሃ አፈጠሩ። ለእኛ ባለቤታቸው ቂጣና የድንች ወጥ አወጡ። ቅቤ የነካው ዕቃ እንዳይሆን ብለው አዲስ ሸክላ ድስት ገዝተው ነው የሠሩት። ማንም አልነገራቸውም። እማሆይ ድስቱን አይተው እንባቸው መጣ።

ሐጂ ቡናው ሲቀርብ አባታቸውን አነሱ። ባላ ዱላቸውን ይዘው ባሌ ድረስ ወደ ሼህ ሁሴን መቃብር በእግራቸው ይሄዱ ነበር። «ያኔ አባቴ በመንገድ ላይ የክርስቲያን ቤት አድሯል። ዛሬ እናንተ እኔ ቤት ብታድሩ ምን ይገርማል?» አሉን። ያን ሌሊት በረንዳቸው ላይ ተደርድረን ተኛን። ለሱሁር ሲነሱ እኛም ተነሳን። እነሱ ሊበሉ፣ እኛ ልንሄድ።

ጎሕ ሲቀድ ያቺ የረገጥናት የቡና ማሳ ጋ ደረስን። ሰው ሁሉ ዙሪያውን ለመሄድ ሲያዘግም፣ ባለቤቱ አጥሩ ጋ ቆሞ በእጁ ጠራን። ሐምሌ ላይ ያመጣንለትን ችግኝ ሲተክል፣ ከማሳው ጫፍ እስከ ጫፍ ለሁለት ሰው የሚበቃ መሄጃ ትቶ ነው የተከለው። በዚያ አለፍን።