የልብ ጡንቻው ቡናማ ቀለም

ኢስትሮጅን ተቀባይ ቤታ የተባለው፣ የኢስትሮጅን ሆርሞንን መልእክት በሕዋስ ኒውክለስ ውስጥ የሚቀበለው ፕሮቲን በየትኞቹ የአይጥ አካላት እንደሚገኝ በአንቲቦዲ፣ ማለትም አንድን ፕሮቲን ለይቶ እንዲይዝ በተዘጋጀ ሌላ ፕሮቲን፣ እየፈለግን ነበር። አሠራሩ የተለመደው ነው፤ አካሉ በፎርማሊን ተጠብቆ በፓራፊን ውስጥ ይቀበራል፣ በስሱ ይቆረጣል፣ አንቲቦዲው የተጣበቀበት ቦታም በመጨረሻ ቡናማ ቀለም ያወጣል።

ባልደረባዬ ያመጣችው ስላይድ ደስ ያሰኝ ነበር። በእንቁልጢው ውስጥ እንቁላሉን የሚከቡት የግራኑሎሳ ሕዋሳት ኒውክለስ ጥርት ብሎ ቡናማ ሆኗል፤ ከኒውክለሱ ውጭ ያለው ሳይቶፕላዝማቸው ንጹሕ ነው። ከዚህ ተቀባይ የሚጠበቀውም ይኸው ነው። ያልጠበቅነው የልብ ጡንቻውን ነው፤ እዚያም ቀለሙ ደምቆ ወጣ።

ጠንቃቃ ናትና ዝም ብላ አላመነችም። አንቲቦዲውን፣ እንዲይዘው ከተሠራበት ፔፕታይድ (አጭር የፕሮቲን ቁራጭ) ጋር ቀድማ ቀላቅላ ሙከራውን ደገመችው። ቀለሙ ከእንቁልጢውም ከልቡም ጠፋ። ብዙዎቹ «በቃ፣ ተረጋገጠ» አሉ። የቤተ ሙከራው አንጋፋ ቴክኒሻን ብቻ «ልጄ፣ ጂኑ የሌላትን አይጥ ልብ ሳታዪ እንዳትጽፊ» አሏት።

የተቀባዩ ጂን ሙሉ በሙሉ ከተወገደባቸው አይጦች ናሙና አስመጣን። ከጤነኞቹ ጋር በአንድ ስላይድ ላይ ጎን ለጎን አድርጋ ቀለመቻቸው። ጂኑ በሌላት አይጥ እንቁልጢ ላይ ቡናማው የለም። ልቧ ላይ ግን እንዳለ አለ፤ የትኛው የየትኛዋ አይጥ ልብ እንደሆነ በማይክሮስኮፕ መለየት አልቻልንም።

እኔን እስካሁን የሚያስገርመኝ ይህ ነው። ከአንድ ብልቃጥ የተቀዳ አንቲቦዲ እንቁልጢው ላይ እውነተኛውን ተቀባይ ሲያገኝ ልቡ ላይ ሌላ ፕሮቲን ይዟል። ፔፕታይዱም ይህን ሊያጋልጥ አይችልም ነበር፤ የአንቲቦዲውን መያዣ ቦታ አስቀድሞ ስለሚሞላው ትክክለኛውም ሆነ የተሳሳተው ትስስር እኩል ይጠፋል። የቀለሙ መጥፋት የተያዘው ፕሮቲን ማን እንደሆነ አይናገርም።

ጉዳዩ የእኛ ቤት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ጥናት ለዚሁ ተቀባይ የሚያገለግሉ 13 አንቲቦዲዎችን መርምሮ የሰውን ተቀባይ ለይቶ የሚይዝ ሆኖ ያገኘው አንዱን ብቻ ነው። ተቀባዩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1996 ነውና በመካከሉ ስንት ሥራ በእነዚያ ላይ ተመሥርቶ እንደታተመ ሳስብ ያመኛል። ለእያንዳንዱ ስላይድ የእንስሳ ሕይወት ያልፋል፤ ያ ሕይወት ለተሳሳተ መልስ መዋል የለበትም።

ባልደረባዬ በልቡ ውስጥ የተቀባዩን አርኤንኤ፣ ፕሮቲኑ የሚሠራበትን የጂኑን ቅጂ፣ ፈለገች፤ የሚያሳምን ነገር አላገኘችም። የልቡን ክፍል ከጽሑፏ አወጣች፣ የእንቁልጢውን አስቀረች። አሁን አዲስ አንቲቦዲ በመጣ ቁጥር፣ ያው ካምፓኒ የላከው ሌላ ዙር ምርት እንኳ ቢሆን፣ ጂኑ በሌለው ናሙና ላይ ሳይሞከር ለማንም አይሰጥም። የሚፈተነውም በእንቁልጢ ብቻ ሳይሆን ልናጠናው ባሰብነው በዚያው አካል ላይ ነው።