«ክር ያው ክር ነው» ተብዬ

የኤሌክትሪክ ጊታር ክር መምረጥ፣ የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ላለ የአምስት ደቂቃ ነገር ነው። እኔ አጠገቤ ማንም አልነበረም። በአንድ ቀን የተሳሳትኩትን ለማስተካከል አራት ወር ፈጀብኝ። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ እያልኩ ዛሬም ይቆጨኛል። ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው።

ጊታሬ ስትራቶካስተር ናት። ዘመዴ ከዋሽንግተን ሲመጣ ያመጣልኝ፣ ያገለገለች፣ ግን ምንም እንከን የማይወጣላት። የታሰረባት 9-42 የሚባለው ክር ነበር። የስትራቶካስተር አምራቹ ፌንደር አብዛኞቹን ስትራቶች (ባጭሩ እንዲህ ነው የምንላቸው) ከፋብሪካ የሚያወጣው በዚሁ ክር ነው። ቁጥሩ የክሩ ውፍረት ነው። አንድ ኢንች ሺህ ቦታ ቢከፈል የቀጭኗ ክር ውፍረት ዘጠኙን ትይዛለች፤ የወፍራሟ ደግሞ አርባ ሁለቱን። ያኔ ይህን አላውቅም ነበር። ክር ሲበጠስ ይገዛል፣ በቃ።

2014 ጥር ላይ የአክስቴ ልጅ ታገባለች። ባንዳችን ሊጫወትላት ቃል ገብቷል። ሐሙስ ማታ ልምምድ ላይ አንደኛዋ ክር ጧ ብላ ተበጠሰች። ዓርብ ከሥራ አስፈቅጄ ፒያሳ ወረድኩ። ሁለት ሱቅ የለም አሉኝ። ሦስተኛው ጋ ሻጩ ከመደርደሪያ አንድ ጥቅል አውጥቶ ሰጠኝ። 12-53 ይላል። ከታች ደግሞ «አኮስቲክ» ተብሎ በእንግሊዝኛ ተጽፎበታል።

አይቼዋለሁ። ይህን መደበቅ አልፈልግም። አይቼ ጠየቅኩት።

«ወንድሜ፣ ክር ያው ክር ነው። እንዲያውም ይሄ ወፈር ያለ ነው፣ ድምፁ ይጠነክርልሃል» አለኝ።

ሱቁ በጊታር የተሞላ ነው። ከእኔ በላይ ያውቃል ብዬ አመንኩት። ከፍዬ ወጣሁ።

ማታ አልጋዬ ላይ ዘርግቼ ማሰር ጀመርኩ። መጀመሪያ፣ ከቀጭኗ ሲቆጠር ሦስተኛዋ ክር እንቢ አለች። አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያልፉባት ነት የምንላት ትንሽ ነጭ ዘንግ አለች። እሷ ላይ ለእያንዳንዱ ክር በልኩ የተቆረጠ ቦይ አለ። የድሮዋ ሦስተኛ ክር 16 ነበረች፣ ራቁቷን የሆነች ሽቦ። አዲሷ 24 ናት፣ ያውም ሌላ ሽቦ የተጠመጠመባት። የድሮው አራተኛ ክሬ ውፍረት ማለት ነው። ቦዩ ውስጥ አልገባችም፣ ከላይ ተንሳፈፈች።

ከዚያ ለመቃኘት ሞከርኩ። ስድስተኛዋን ቃኝቼ አምስተኛዋ ላይ ስደርስ ስድስተኛዋ ወርዳለች። ሁሉንም ጨርሼ ስመለስ ሁሉም ወርደዋል። ሁለት ሰዓት ሙሉ እንዲህ ስዞር ቆየሁ። ቀና ብዬ ሳይ የጊታሯ ብሪጅ፣ ክሮቹ አካሏ ላይ የሚያያዙበት ብረት፣ ከኋላው ብድግ ብሎ እንደ ድስት ክዳን ተከፍቷል። ክሮቹ ከአንገቷ በጣም ስለራቁ አንድ ኮርድ ለመያዝ እንኳ ጣቴ ይቆረጥ ነበር።

አሁን ምክንያቱን አውቀዋለሁ። የስትራት ብሪጅ የሚቆመው በሚዛን ነው። ከፊት ክሮቹ ይስቡታል፣ ከጀርባ ጊታሯ ውስጥ ያሉ ስፕሪንጎች ይይዙታል። 9-42 ተቃኝቶ ሲቆም ስድስቱ ክሮች በአንድ ላይ ወደ 38 ኪሎ ገደማ ይስባሉ። እኔ ያሰርኩት የአኮስቲክ ክር ወደ 74 ኪሎ ይስባል። እጥፍ ሊሞላ ምን ቀረው? አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 50 ኪሎ ነው። ያን ሁሉ ጫና በአንድ ማታ አንዲት ቀጭን አንገት ላይ ጫንኩባት።

ያኔ ክሩን ፈትቼ መጣል ነበረብኝ። ያላደረግኩት ነገር ይሄ ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝም ይሄ ነው። የጊታሩ ችግር እንጂ የክሩ ችግር አልመሰለኝም። ቅዳሜ ጠዋት ጊታር ይሠራል የተባለ ሰው ጋ ይዣት ሄድኩ።

ሰውየው ክሩን አየ፣ ጊታሯን አየ፣ አንድም ጥያቄ አልጠየቀኝም። ጀርባዋን ከፍቶ ስፕሪንጎቹን የያዘውን ቡሎን አጠበቀ። እሱ ትክክል ነበር፣ ብሪጁ ወረደ። ቀጥሎ ግን ሦስት ማዕዘን ሞረድ አነሳ። የመጋዝ ጥርስ የሚሳልበት ዓይነት። የነቷን ቦዮች አንድ በአንድ ይሞርድ ጀመር። ነጭ ብናኝ ጥቁሩ የጊታሯ አካል ላይ ሲወርድ ቆሜ አየሁ። «በዛ እንዴ?» አልኩት። «አይዞህ፣ ክሩ እንዲተነፍስ ነው» አለኝ። የነት ቦይ በየክሩ ልክ በተሠራ ቀጭን ሞረድ ነው የሚቆረጠው። አንዴ ከሰፋ ደግሞ አይመለስም። ይህን ሳያውቅ በሰው ዕቃ ላይ ሞረድ ማንሳት ምን ይባላል?

እሑድ ሰርጉ ሆነ። ጭፈራው ላይ ኪቦርዱና ድራሙ ሸፈኑኝ። ትዝታው ላይ ግን ሁሉም ለቀቅ አድርገው ለእኔ ቦታ ሰጡኝ። ሁለቱ ቀጫጭን ክሮች ይጮሃሉ። አራቱ ወፋፍራሞች የሉም። እመታለሁ፣ ክሩ ሲርገበገብ በዓይኔ አያለሁ፣ ከአምፕሊፋየሩ የሚወጣው ግን ከግድግዳ ጀርባ የሚመጣ የሚመስል ድምፅ ነው። ከታች የጀመርኩት ዜማ ወደ ላይ ሲወጣ በድንገት ይጮሃል፣ ወደ ታች ሲመለስ ይጠፋል። የባንዱ መሪ ዞር ብሎ አየኝ። አምፑን ከፍ አደረግኩት፣ ቀጫጭኖቹ ባሰባቸው።

ነገሩ ቀላል ነው። የኤሌክትሪክ ጊታር ፒክአፕ ማግኔትና በላዩ የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ ነው። ክሩን የሚሰማው በአየር አይደለም። ክሩ ማግኔት የሚስበው ብረት ወይም ኒኬል ሲሆን፣ ሲርገበገብ የማግኔቱን ኃይል ያንቀሳቅሳል፤ ድምፁ የሚወለደው ከዚያ ነው። የአኮስቲክ ክር ግን ወፋፍራሞቹ ላይ የሚጠመጠመው ብሮንዝ ነው፤ ብሮንዝን ማግኔት አይስበውም። ፒክአፑ የሚሰማው ውስጡ ያለችውን የብረት እምብርት ብቻ ነው። ቀጫጭኖቹ ሁለቱ ደግሞ ሙሉ ብረት ስለሆኑ ይጮሃሉ። ይህን ለመለየት ማንበብ እንኳ አያስፈልግም። የአኮስቲክ ክር ወርቃማ ወይም ቀላ ያለ ነው። የኤሌክትሪኩ እንደ ብር ነጭ ነው። ሻጩ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ ነው? አይመስለኝም።

ሰኞ ተመልሼ ሄድኩ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ጽሑፍ በጣቱ አሳየኝ። ሌላ ቃል አልተናገረም።

ትክክለኛውን 9-42 ከሌላ ቦታ ፈልጌ አሰርኩ። አልዳነችም። ለ24 የተሞረደ ቦይ ውስጥ 16 ስትገባ ትንጫጫለች። ክፍቷን ስመታት ጠርሙስ ውስጥ የገባች ዝንብ ነው የምትመስለው። አንገቷም ወደ ፊት ጎብጦ ነበር። ጥር አልፎ እስከ ግንቦት ጊታሬን አቅፌ ከመቀመጥ በቀር ሰው ፊት አልተጫወትኩባትም።

በመጨረሻ ክራርም ጊታርም የሚጠግኑ አንድ ትልቅ ሰው ጋ መሩኝ። ጋሼ ጊታሯን ሳይነኩ መጀመሪያ የጠየቁኝ «ምንድነው የምትጫወተው?» ብለው ነው። ከሐሙስ ማታ ጀምሮ ማንም ያልጠየቀኝ ጥያቄ! ነግሬያቸው ሲያበቃ የአጥንት ነት ቆርጠው፣ በቀጫጭን ሞረዶቻቸው በልኩ ቦይ አወጡላት። አንገቷ ውስጥ ያለውን ዘንግ በቁልፍ ሩብ ዙር ብቻ አዙረው «ነገ ተመለስ፣ እንጨት ጊዜ ይፈልጋል» አሉኝ። በማግስቱ ክፍቷን ሦስተኛ ክር መታኋት። ጠራች።

አሁን የማስረው 10-46 ነው። ይህን የመረጥኩት ቀጭንም ወፍራምም ሞክሬ ነው። እኔ ያደግኩት የሮሃ ባንዱን የሰላም ስዩምን ጊታር እየሰማሁ ነው፤ የምፈልገው ንጹሕና ጥርት ያለ ድምፅ ነው። የኛ ዜማ ጣት ማርገብገብ ይወዳል። 9 ላይ ጠበቅ አድርጌ ስይዝ ክሯ ከቅኝቷ ከፍ ትልብኛለች። 11 ላይ ደግሞ ሦስት ሰዓት ሰርግ ተጫውቼ ጣቴ ይደክማል። ጊታራችሁ ሌስ ፖል የሚባለው ዓይነት ከሆነ ክሩ የሚወጠርበት ርዝመት አጠር ስለሚል ያው 10 ለስለስ ይላል፣ 11ም ትችላላችሁ።

«ወፍራም ክር ድምፅ አለው» የሚሏችሁን አትስሙ። የብሉዝ ጊታሪስቱ ስቲቪ ሬይ ቮን 13 ያስር ነበር፣ እውነት ነው። ግን ጊታሩን ግማሽ ድምፅ አውርዶ ነበር የሚቃኘው። የሮክ ጊታሪስቱ ቢሊ ጊበንስ በ7 እና በ8 ይጫወታል፤ ድምፁን ደግሞ ማንም ቀጭን ብሎት አያውቅም። ጀማሪን «ጣትህ እንዲጠነክር በወፍራም ጀምር» የሚሉ አስተማሪዎችም አሉ። አልስማማም። ልጁ ጣቱ ቆስሎ ጊታሩን ሶፋ ሥር ይከተዋል። አሜሪካዊው የጊታር ነጋዴ ኧርኒ ቦል እንኳ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቀጫጭን ክር ለብቻው አዘጋጅቶ መሸጥ የጀመረው ጀማሪዎች በወፍራሙ ሲቸገሩ አይቶ ነው።

የውፍረት ቁጥር ስትቀይሩ ግን ስፕሪንጉና አንገቱ አብረው መስተካከል አለባቸው። ለዚህ የሚከፈለው ገንዘብ አያሳዝን። ብዙዎች ክር ሁልጊዜ አንድ በአንድ ቀይሩ ይላሉ። እኔ ሁሉንም አወልቄ፣ ብሪጁ ሥር የታጠፈ ጨርቅ አስገብቼ አንገቷን እጠርጋለሁ። ምንም አልሆነችም።

አስመስሎ የተሠራ ክርም ብዙ ነው። ዳዳሪዮ የሚባለው የክር አምራች ከሆነ ጥቅሉ ውስጥ መለያ ቁጥር ካገኛችሁ ድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ለማረጋገጥ ሞክሩ። ከውጭ የሚመጣ ሰው ካለ ክር አስልኩ፣ ቀላልና ቦታ የማይዝ ዕቃ ነው። እጁ ቶሎ የሚያልበው ሰው እንደ ኤሊክሰር ያለ ሽፋን ያለው ክር ቢይዝ ይሻለዋል። ይወደዳል፣ ግን ክረምቱን ሳይዝግ ይሻገራል። ከሁሉም በላይ ሁልጊዜ አንድ ትርፍ ጥቅል ቦርሳ ውስጥ ይኑር። እኔ ያ ቢኖረኝ ዓርብ ዕለት ፒያሳ አልወርድም ነበር።

የሰርጉ ቪዲዮ አክስቴ ቤት አለ። በዓል በመጣ ቁጥር ይከፈታል። ትዝታው ጋ ሲደርስ ተነስቼ ወደ በረንዳ እወጣለሁ። የአክስቴ ልጅ ለምን እንደሆነ እስካሁን አልጠየቀችኝም።