የተቃጠለ ዘይቴ ወደ በሬሳ ወንዝ እንዳይወርድ

ለውድድር የሚነዳ ሰው ዘይት ቶሎ ቶሎ ይቀይራል። ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ሲግል ይውላልና ዘይቱ አይበረክትም። እኔ ከየውድድሩ በኋላ አወርደዋለሁ። ደብረ ብርሃን፣ ግቢዬ ውስጥ፣ በየጊዜው ከ3 ሊትር በላይ ጥቁር ዘይት ይጠራቀማል።

በፊት አጥር ሥር ያለው ቦይ ውስጥ ነበር የምደፋው። አንድ ክረምት አንዲት ትልቅ ሴት ጎረቤቴ ጠሩኝ። «ና እስቲ ይሄን እይ።» ዝናቡ ቦዩን ሞልቶታል። ውሃው ላይ ሐምራዊና አረንጓዴ ቀለም ተዘርግቶ ቁልቁል ይሄዳል። «ታች በሬሳ ላይ ልብስ የሚያጥቡ አሉ። ከብትም ይጠጣል» አሉኝ። «ይቅርታ እትዬ» ከማለት ሌላ ቃል አልነበረኝም። በሬሳ ደግሞ እዚሁ አይቀርም፤ በጀማ ወንዝ በኩል ዓባይ ይገባል።

አሁን ሥራውን ሞተሩን 10 ደቂቃ በማሞቅ እጀምራለሁ። በእኛ አገር ብርድ የወፈረ ዘይት በደንብ አይወርድም። መኪናዋን በክሪክ አንስቼ ከሥር ድጋፍ አደርግላታለሁ። መሬቱ ላይ ሰጋቱራ እበትንና ሰፊ ሳፋ እደቅናለሁ። ጓንት የግድ ነው፤ የተቃጠለ ዘይት ቆዳ ላይ ሲደጋገም ይጎዳል። በ14 ቁልፍ ታፖውን፣ ማለትም የዘይት ማውረጃውን ብሎን፣ አላላለሁ። ዘይቱ መጀመሪያ ራቅ ብሎ ይፈናጠራል፤ ከዚያ እየቀጠነ ወደ ታፖው ሥር ይመለሳል። ጠባብ ሳፋ የመጀመሪያውን አይዝም። ዘይት የጠጣው ሰጋቱራም ለብቻው በፌስታል ይታሰራል። ፊልትሮውን (የዘይት ማጣሪያውን) በምስማር በስቼ ሌሊቱን ገልብጬ አሳድረዋለሁ። ባዶ ከሚመስለው ቆርቆሮ ጠዋት የሚገኘው ዘይት አሁንም ይገርመኛል።

በጣም ያስከፈለኝ ግን መቀላቀል ነው። አንዴ ዕቃ ያጠብኩበትን ቤንዚን የተቃጠለውን ዘይት በማጠራቅምበት ጄሪካን ውስጥ ጨመርኩት። 20 ሊትር ሊሞላ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ዘይት ሰብሳቢው ክዳኑን ከፈተ፣ አሸተተ፣ መልሶ ዘጋው። «ወንድሜ፣ ይሄን አልወስድም።» ልክ ነበር። ዘይት ይቆሽሻል እንጂ አያልቅለትም፤ ተጣርቶ እንደገና ዘይት ይሆናል። ቤንዚን ከገባበት ግን ሲሞቅ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። የፍሬን ዘይት ወይም የራዲያተር ውሃ ከገባበትም ማጣራቱ ይበላሻል። ያን ጊዜ ንጹሕ ሊሆን የሚችለውን ዘይት ሁሉ በአንድ ኩባያ ቤንዚን አበላሸሁት። አሁን ጄሪካኖቼ ላይ የሚገባባቸውን በትልቁ ጽፌባቸዋለሁ።

ሸዋ ሮቢት ያሉ አጎቴ «ልጄ፣ የአጥሩን እንጨት የምቀባበት ዘይት ስጠኝ፣ ምስጥ ፈጀው» ብለውኝ ያውቃሉ። ትልቅ ሰውን እምቢ ማለት ይከብዳል። ግን ዘይቱ ውስጥ ከሞተሩ የተፋቀ ብረት አለ፤ ዝናብ አጥቦ ጓሯቸው ያስገባዋል። ይህንን ነገርኳቸው። ደስ አላላቸውም፤ እኔም አልሰጠሁም።

ጄሪካኑ ሲሞላ 130 ኪሎ ሜትር ነድቼ አዲስ አበባ፣ ሰብሳቢ የሚመጣበት ጋራዥ አደርሰዋለሁ። በርሜሉ ውስጥ ሲገለበጥ ቆሜ አያለሁ። ባዶውን ይዤ እመለሳለሁ። አላጥበውም፤ እጣቢው ያው ቦይ ውስጥ ነው የሚገባው። ለሚቀጥለው ውድድርም ያው ጄሪካን ነው።