ከፔይተን ማኒንግ በኋላ የዴንቨር ስምንት ዓመታት

ታላቅ ወንድሜ የሚኖረው ኮሎራዶ ውስጥ፣ ከዴንቨር ጋር በተያያዘችው ኦሮራ ስለሆነ፣ እኔም እዚህ ድሬዳዋ ሆኜ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድኑን የዴንቨር ብሮንኮስን ጨዋታዎች ከልቤ እከታተላለሁ። ጨዋታው አብዛኛውን ጊዜ በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ አምስት ወይም ስድስት ሰዓት አካባቢ የሚጀምር በመሆኑ፣ የቀኑ ሙቀት በርዶ በረንዳው ሲነፍስ ስልኬን ይዤ እቀመጣለሁ። (ቀናት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በአሜሪካ እግር ኳስ እያንዳንዱ የማጥቃት እንቅስቃሴ ማለት ይቻላል በኳርተርባኩ፣ ማለትም ማጥቃቱን በሚመራው ኳስ ወርዋሪ፣ እጅ ያልፋል። የዴንቨሩ ኳርተርባክ ፔይተን ማኒንግ ደግሞ ኳስ ወርዋሪ ብቻ አልነበረም፤ ኳሱ ከመነሣቱ በፊት የተከላካዮቹን አቋቋም አይቶ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየጠቆመና እየጮኸ፣ ከአሰልጣኙ የመጣውን ዕቅድ ሜዳ ላይ የሚለውጥ ሰው ነበር። በ2013 የውድድር ዘመን 55 ታችዳውን (ኳሱን እስከ ተጋጣሚው የመጨረሻ ክልል በማድረስ የሚገኝ ነጥብ) ያስቆጠሩ ኳሶችን በመወርወር ክብረ ወሰን ሰበረ።

ብዙዎች ዴንቨር ወድቆ ለስምንት ዓመታት ለጥሎ ማለፉ ሳይበቃ የቀረው ማኒንግ ስለሄደ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ምክንያቱ ከዚያ ቀደም ብሎ የተጀመረ ይመስለኛል። በመጨረሻው ዘመኑ ክንዱ ደክሞ ስለነበር፣ 9 ታችዳውን ሲወረውር 17 ኳሶች ተጠልፈውበታል። የካቲት ወር 2016 ላይ ካሮላይናን 24 ለ 10 አሸንፎ የሊጉን የፍጻሜ ዋንጫ ሱፐር ቦውሉን ያስገኘው በቮን ሚለር የሚመራው የመከላከል ክፍል ነበር። ማኒንግ በወሩ ጡረታ ሲወጣ፣ በዚህ ተከላካይ ላይ ማንንም ኳርተርባክ ቢያስቀምጡ ይበቃል የሚል እምነት በአመራሩ ዘንድ ያደረ ይመስለኛል፤ ከባዱ ጉዳትም የመጣው ከዚህ ነው። በቀጣዩ ዘመን 9 አሸንፎ 7 ቢሸነፍም፣ ቡድኑ ለጥሎ ማለፉ አልበቃም። ተከላካዮቹ አንድ በአንድ ሲለቁና ሲያረጁ ደግሞ፣ ያ የሸፈኑት ክፍተት ፊት ለፊት ታየ።

ኅዳር 2020 ላይ የሆነውን አልረሳውም። ኳርተርባኮቹ በሙሉ በኮሮና ደንብ ምክንያት ስለታገዱ፣ ኬንዳል ሂንተን የሚባል ኳስ ተቀባይ በአንድ ቀን ዝግጅት በቦታው ገባ። ከዘጠኝ ውርወራው የተሳካው አንዱ ብቻ ሲሆን፣ ቡድኑ በኒው ኦርሊንስ 31 ለ 3 ተሸነፈ። ወንድሜ ያን ሌሊት ደውሎ ብዙ ሳያወራ ዘጋ።

ከዚያ በኋላ ኳርተርባኩን ራስል ዊልሰንን ለማምጣት በርካታ የድራፍት (ቡድኖች አዳዲስ ወጣት ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት) ምርጫዎችንና ሦስት ተጫዋቾችን ለሲያትል ሰጡ፤ በመጀመሪያው ዘመኑ ግን ቡድኑ 5 አሸንፎ 12 ተሸነፈ። እዚህ ከዚራ ጥላ ሥር የሚቀመጡ አዛውንቶች፣ በ1962 የአፍሪካ ዋንጫን ያነሣውን የብሔራዊ ቡድን አምበልና የድሬዳዋውን የጥጥ ፋብሪካ ቡድን ኮከብ ሉቺያኖ ቫሳሎን ሲያነሡ፣ አዲሱን ተጫዋች ሁሉ ከእርሱ ጋር እያመዛዘኑ ነው። ዴንቨርም ለዓመታት ሁለተኛ ማኒንግ ፈለገ እንጂ፣ ላለው ቡድን የሚስማማውን አልፈለገም።

የቀድሞው የዴንቨር ኳርተርባክ ጆን ኤልዌይ በ1999 ጡረታ በወጣ ጊዜ የሆነው ይህን ያጠናክርልኛል። ቡድኑ በዚያ ዘመን 6 አሸንፎ 10 ቢሸነፍም፣ በ2000 ግን 11 አሸንፎ 5 በመሸነፍ ወደ ጥሎ ማለፉ ተመለሰ፤ ምክንያቱም አሰልጣኙ ማይክ ሻናሃን ከነአጨዋወት ሥርዓቱ ቆይቶ ነበር። ከማኒንግ በኋላ ግን አሰልጣኙ ጋሪ ኩቢያክ ከአንድ ዘመን በኋላ ስለለቀቀ፣ ቫንስ ጆሴፍ፣ ቪክ ፋንጂዮና ናትናኤል ሃኬት እየተፈራረቁ መጡ፤ አንዱ ወጣት ኳርተርባክ የአንዱን አሰልጣኝ ቋንቋ ሳይጨርስ ሌላው ይመጣበታል።

በ2024 አሰልጣኙ ሾን ፔይተን ለራሱ አጨዋወት የሚስማማውን ኳርተርባክ ቦ ኒክስን በ12ኛ ምርጫ ሲወስድ፣ ከእርሱ በፊት አምስት ኳርተርባኮች ተመርጠው ነበር። ቡድኑ 10 አሸንፎ 7 ተሸንፎ ለጥሎ ማለፉ በቃ፤ በቡፋሎ 31 ለ 7 ቢሸነፍም ወንድሜ በስልክ ደስታውን መደበቅ አልቻለም። እኔም ከሁሉ አብልጬ የምመኘው፣ ኒክስ አንድ መጥፎ ዘመን ቢገጥመው እንኳ አሰልጣኙና እርሱ ሳይለያዩ እንዲቆዩ ነው።